የልጄ አማት ያነሱት ስልክ

ልጄ ካዛንቺስ ስብሰባ ስታስተረጉም ያገኘችውን ሰው አግብታ ፓራጓይ ገባች። የባሏ ትውልድ አገር እዚያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ድሮ ሚሲዮን ነበረች፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ ቄሶች የቆረቆሯት። ቄሶቹ ሄዱ፤ የአገሬው ቋንቋ ጓራኒ ግን ንቅንቅ አላለም። ቢሮው በስፓኒሽ፣ ገበያውና ጓዳው በጓራኒ ነው። ቄሶቹ እንኳ ለመስበክ ሲሉ ተምረውታል አሉ። እኔ፣ ቂርቆስን በወሬ የማደክመው ሽማግሌ፣ የጓራኒን ሰላምታ እንኳ መያዝ አቃተኝ።

ባለፈው ክረምት መውለጃዋ ደርሶ ሳለ ስልኳ ሁለት ቀን አልነሳ አለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሳ። የባሏ እናት ናቸው፤ ከጓራኒ ሌላ አይናገሩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ነገር ነገሩኝ። መሃል ላይ የልጄን ስም ጠሩ። ከዚያ ተቋረጠ።

ሚስቴ ገበያ ወጥታለች፤ ብቻዬን ነኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤት ድረስ ይመጣል። ታዲያ ሰው ቀድሞ ሰምቶ ይሆን? ሮጥኩ፤ ማለቴ፣ በከዘራ የሚሮጠውን ያህል። ደጃፋችን ላይ ሱቅ ያላትን የወሎ ሴት፣

«ስለ ልጄ የሰማሽው ነገር አለ?» አልኳት።

«ኧረ ምንም! ምነው አባባ?»

«በቃ፣ ምንም» ብዬ ተመለስኩ። እንዲህ ያለ ጅል ነኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ሰፈርተኛው አንገቱን ደፍቶ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

«በሉ እሺ፣ ንገሩኝ።»

ተያዩ። ባለሱቋ፣ «እኛ? እርስዎ ተረድተው መስሎን እኮ ነው የመጣነው!» አለች።

ይኼኔ ስልኩ ጠራ፤ በቪዲዮ። የባሏን ፊት ላየው ነው ብዬ ስልኩን ገፋ አደረግኩት። ባለሱቋ ነጥቃ ከፈተችው። ልጄ! ትራስ ተደግፋ፣ ከስታ።

«አባዬ፣ ስልኬን ቤት ትቼው ሐኪም ቤት…» ብላ ቆመች። ከኋላዬ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች።

«ማን ሞተ? እማዬ የት ናት? አባዬ!»

«የለም» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለኝም። ዝም ባልኩ ቁጥር ጮኸች፤ በጩኸቷ ደግሞ አጠገቧ አንድ ሕፃን ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ።