የአክስት ግራ ጉንጭ

በቤተሰቡ ውስጥ «ባቄላ» ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣችላት ፀጉር ሠሪዋ ታናሽ እህቷ ናት፤ ደስ ባላት ቁጥር «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» የሚለውን ተረት ታስከትልበታለች። ባቄላ ግን አይከፋትም። ዕድሜዋን በባቄላ ሥር ላይ ስትመራመር የኖረች ሴት ሌላ ምን ተብላ ትጠራ?

ባቄላ ብልህ ተክል ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች በራሱ ቋንቋ «ኑ፣ ግቡ» ብሎ ይጠራል። የገቡት ሥሩ ላይ ኪንታሮት የመሰለች ቤት ይሠሩና ከአየር ማዳበሪያ ያዘጋጁለታል፤ እሱ ደግሞ ስኳር ያበላቸዋል። ለየትኛው እንግዳ በሩን ይከፍታል፣ በየትኛው ላይስ ይዘጋል? ባቄላ ስታጠና የኖረችው ይህንን ነው። ሥሮቹን ከግንድና ከቅጠል ነጥላ ስኳር ባለው ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ታሳድጋለች፤ ጠርሙሶቹም የሚወዛወዝ መደርደሪያ ላይ ሆነው ቀን ከሌት እሹሩሩ ይባላሉ። ሥሮቹ ሲያድጉ ልጋግ የመሰለ ነገር ስለሚተፉ ውሃው ይወፍራል። እሷ ይህን ልጋግ ዘወትር ትደፋው ነበር።

አንድ ቀን የመዋቢያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ላቦራቶሪውን ሊጎበኝ መጣ። ልጋጉን በጣቱ ነካ አድርጎ እያሻሸ ቆየና «ይሄ ነገር እርጥበት ይይዛል። የፊት ቅባት ቢወጣውስ?» አላት።

«ለማን ፊት?» አለች ባቄላ፣ ከልቧ ግራ ገብቷት።

እሷ እቴ ፊቷን በልብስ ሳሙና ታጥባ የምትወጣ ሴት ናት። እህቷ ወሬውን ስትሰማ ከሳቋ ብዛት የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ አመለጠ። ሆኖም ሥራ አስኪያጁ ላቦራቶሪው ለረጅም ጊዜ ሲመኘው የኖረውን አዲስ መደርደሪያ ሊገዛ ቃል ስለገባ ባቄላ እሺ አለች።

ቅባቱ ተሠራ፤ የቆዳ ሐኪሞችም ጉዳት እንደሌለው አረጋገጡ። ቀጥሎ በሰው ፊት ላይ መፈተን ነበረበት። ለእያንዳንዷ ፈቃደኛ ሁለት ብልቃጥ ይሰጣታል፣ አንዱ ለቀኝ ጉንጭ፣ ሌላው ለግራ። በአንደኛው የሥሩ ውሃ አለበት፤ ሌላው ተራ ቅባት ነው። የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቁት ፋብሪካው ውስጥ ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባቄላ ራሷም አታውቅም።

ፈቃደኞቹ ከእህቷ ፀጉር ቤት ተገኙ። ባቄላ ብልቃጥ ለማደል ብቅ ባለች ቁጥር ሴቶቹ ስለ ሥሩና ስለ እንግዶቹ በጥያቄ ያዋክቧታል።

«እንግዳው ከገባ በኋላ ሰነፍ ቢሆንስ?» አለች አንዷ፣ ፀጉር ማድረቂያው ሥር እንደተቀመጠች።

«ሥሩ ይነቃበታል። ቀስ በቀስ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።»

«ወይ ጉድ! ባሌን ለዚህ ባቄላ አደራ ልስጠው መሰለኝ።»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ላቦራቶሪ ውስጥ ስለ ሥር ስታወራ እንዲህ ስቆላት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ባቄላ በማግስቱ ምንም የሚታደል ብልቃጥ ሳይኖራት ተመልሳ መጣች።

ከፈቃደኞቹ ሁሉ የባሰባቸው ግን የሁለቱ እህትማማቾች አክስት ነበሩ። «ግራ ጉንጬ የሙሽራ ሆኗል፤ ቀኙ ያው የድሮው የእኔ ነው» እያሉ ለመጣ ለሄደው ያስዳስሳሉ። ሰው ቤት ሲሄዱ ግራቸው ለቤቱ ሰዎች በሚታይበት በኩል ነው የሚቀመጡት። «አክስቴ፣ አንገትዎ እንዲህ እንደዞረ እንዳይቀር» ብትላቸው ፀጉር ሠሪዋ፣ «ይቅር! ከተጠማዘዘ አይቀር በዚህ በኩል ነው» አሏት።

ውጤቱ ሲከፈት የሥሩ ውሃ እውነትም ቆዳን ያለሰልሳል። መጨማደድን ግን ንክች አያደርገውም። የአክስታቸው ግራ ብልቃጥ ደግሞ ተራው ቅባት ሆኖ ተገኘ።

ሥራ አስኪያጁ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ «ዕድሜን ይመልሳል ብለን ብልቃጡ ላይ እንጻፍ» አለ።

«ዕድሜ ወዴት ይመለሳል? ቆዳ ያለሰልሳል ብለው ይጻፉ» አለች ባቄላ።

«እንዲያ ብለን ማን ይገዛናል?»

«እኔ እሸጠዋለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ደንበኞቼ በውሸት ተጠብሰው ያደጉ ናቸው። እውነት ሲያዩ ብርቅ ይሆንባቸዋል።»

ሥራ አስኪያጁ እያጉረመረመ ተስማማ። ለአክስታቸው መርዶውን የሚነግር ሰው ግን ጠፋ። እህቷ «እኔ ከምነግራቸው ፀጉሬን ብላጭ ይሻለኛል» ስላለች ባቄላ ብቻዋን ሄደች። መዋሸት የማይሆንላት ሴት ናትና ገና ወንበሩን ሳትይዝ «አክስቴ፣ ግራው ተራ ቅባት ነው» አለቻቸው።

አክስታቸው ለረጅም ጊዜ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ከዚያ «እንግዲያው ልጄ፣ ከዚያ ከተራው ጨምሪልኝ» አሉ።

ቅባቱ «ቆዳ ያለሰልሳል» ተብሎ ብቻ መሸጥ ጀመረ፤ አዲሱ መደርደሪያም ገባ። ያን ጊዜ ነው ፀጉር ሠሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የእህቷን የሥራ ቦታ ልታይ የሄደችው። ነጭ ጋወን ለብሳ ጠርሙሶቹ ፊት ቆመች። በየጠርሙሱ ውስጥ የተጠላለፉ ነጫጭ ሥሮች ይወዛወዛሉ። ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ ፊቷ ቀስ እያለ የሥራ ፊት ሆነ።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄን ሁሉ ፀጉር ሳታበጥሪው ነው እንዴ እስካሁን የኖርሽው?»

ባቄላ ሳቋ አላስቆም ብሏት ወንበር ፈለገች።