እናትየዋ ሳንቃ

ቶሜጂሮ በዕድሜው እንደ ሰፈሩ እንደ አሳኩሳ ቤተ መቅደስ አብዝቶ ያተመው ሥዕል አልነበረም። በረዶ የጫነው ጣሪያ፣ ቀዩ በር፣ ጃንጥላ የያዙ ሁለት ሴቶች፤ ዓይኑን ጨፍኖም ያትመዋል። ለየቀለሙ አንድ አንድ የማተሚያ ሳንቃ ነበረው፤ ዘጠኙንም የቀረጸለት ጓደኛው ኪዩሳኩ ነው። አይ ያ ጊዜ! አንዱ ሲቀርጽ አንዱ ሲያትም፣ ሲተራረቡ ይውሉ ነበር።

«ቀስ በል እንጂ፣ ማሳ ነው እንዴ የምታርሰው?» ይለዋል ኪዩሳኩ፣ ቶሜጂሮ ወረቀቱን ሳንቃው ላይ ጠንከር አድርጎ ሲያሸው።

ጦርነቱ መጣና ኪዩሳኩ እንደዘመተ ቀረ። ቤተ መቅደሱም ከነሰፈሩ ነደደ። ደግነቱ ቶሜጂሮ ሳንቃዎቹን ከሚስቱ ከኦሺጌና ከልጁ ከፉሚኮ ጋር ቀደም ብሎ ወደ አንድ የተራራ መንደር ልኳቸው ነበር፤ እሱ ለፋብሪካ ሥራ ተይዞ ከተማ ቀረ።

ሰላም ሆኖ ቤተሰቡ ሲመለስ ሰፈርተኛው ወጥሮ ያዘው፤ «ጋሼ ቶሜ፣ መቅደሳችንን በወረቀት እንኳ አሳየን!» ቶሜጂሮ የሳንቃዎቹን ሣጥን ከፈተ። ያለው አንድ ሳንቃ ብቻ ነው፤ ጥቁሩ መስመር የሚታተምበት፣ አታሚዎች እናትየዋ የሚሏት።

«ሌሎቹስ?»

ኦሺጌ ቀና ብላ አላየችውም። «አነደድኳቸው። ፉሚኮን የሳንባ ምች ይዟት ነበር፤ በረዶው በሩን ደፍኖት፣ የሚማገድ ጭራሮ እንኳ አልነበረም።»

«የኪዩሳኩን እጅ ነው ያነደድሽው።»

«አውቃለሁ።»

ሦስት ቀን አኮረፋት። ሩዙን ታቀርብለታለች፣ ጀርባውን ሰጥቷት ይበላል። እኔን ብትጠይቁኝ አብዝቶታል። እሷም እልኸኛ ናት፣ ማረኝ አላለችም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ «ይቺንስ ለምን ተውሻት?» አላት።

«የአታሚ ሚስት መሆኔን ረሳኸው? እሷ ካለች ሌሎቹ መስመራቸው ከእሷ ላይ ተወስዶ እንደገና ይቀረጻሉ። መጨረሻ የማገድኩት ቀዩን ነው። እሱ ነድዶ ሳያልቅ ልጅቷን ላብ አጠመቃት፤ ትኩሳቱም ለቀቃት።»

ቶሜጂሮ ተነሣ። ወረቀት አረጠበ፣ እናትየዋን ጥቁር ቀባ፣ ወረቀቱን አልብሶ አሸው። ቤተ መቅደሱ በመስመር ብቻ ወጣ። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ አየው፤ አሮጊቶቹ እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ዓሣ ሻጩ ግን መቼ አፉ ያርፋል።

«ጋሼ ቶሜ፣ የበሩ ቀይ የት ገባ?»

ቶሜጂሮ መጀመሪያ ኦሺጌን አየ። ቀጥሎ በአገጩ ወደ ደጅ ጠቆመ።

«ያቻትልህ፣ ገመድ ትዘላለች።»