አረንጓዴ የተቀባው ሜዳ

በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ጧት መሐንዲሱ የከተማውን ካርታ ዘርግቶ ቦታ ይመድብ ጀመር፤ ቀይ ቀለም ለጣሊያኖች ቤት፣ ቢጫ ለገበያ፣ አረንጓዴ ለማይነካ ቦታ። ቀይ እርሳሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሲደርስ አብረውን የቆሙትን የደብሩን መሪጌታ ዞሬ አየኋቸው፤ የአርበኞቹ ጠመንጃ የተቀበረው እዚያ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ይኸማ ለጥምቀት ታቦቱ የሚያድርበት ነው፤ ቤት አይሠራበትም» አሉ መሪጌታ ፈጠን ብለው። ታቦት አድሮበት አያውቅም። እንዳሉት ተረጎምኩ። መሐንዲሱ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ቆየና ሜዳውን አረንጓዴ ቀባው።

በማግስቱ ከመሪጌታ ጋር ብንሄድ ሜዳው በሽቦ ታጥሮ አራት ወታደር ቆሞበታል። ቅዱስ ቦታ ነውና ማንም እንዳይደፍረው ተብሎ!

መሪጌታ ክንዴን ጨበጥ አድርገው፣ «በል እንግዲህ፣ ታቦቱ ዘንድሮ ሌላ ቦታ ያድራል ብለህ ተርጉምልኝ» አሉኝ።