እህቴ እና የፕላነሮች ፈተና

እህቴን የሚያውቋት ሁሉ «ካርታ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ገና ተማሪ ሳለች ነው። ሰው መንገድ ሲጠይቃት በአፏ ከመንገር ይልቅ ወረቀት አውጥታ መሣል ይቀናት ነበር። በኋላ የከተማ ፕላን ተምራ ማዘጋጃ ቤት ስትቀጠር ስሙም አብሯት ተቀጠረ። ባሏ ገና ሳይጋቡ ለእናቱ ስለ እሷ ሲያወራ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ካርታ ላይ ከተቀመጠች እህል ውሃ አትልም» ቢላቸው ሴትዮዋ ክው አሉ። «ቁማርተኛ ልታመጣብኝ ነው?» ብለው ስንት ቀን አኮረፉት። አሁን ራሳቸው ናቸው ይህን እያወሩ የሚስቁት።

እኔ ታናሿ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄና የእሷ ሳሎን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ስለዚህ እዚያ ቤት የሚሆነውን ባልፈልግም እሰማለሁ።

ሥራዋን ትወዳለች። ከተማው በአንድ ጎኑ ሲያብጥ አዲሱ መንገድ በየት ይለፍ፣ ትምህርት ቤቱ የት ይቀመጥ፣ የክረምቱ ጎርፍ በየት ይውጣ የሚለውን እሷና ባልደረቦቿ ናቸው የሚያወጡት። አብሬያት ስሄድ መንገድ መሀል ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ይሄን ማዕዘን አየሽው? መኪና ሲታጠፍ እግረኛውን አያየውም» ትለኛለች። እኔ የማየው የጫማ ሱቅ ነው።

እንዲህ እየኖረች ሳለ አንድ መመሪያ ወጣ። ከእንግዲህ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተና ያላለፈ ፕላነር የሠራው ፕላን ላይ መፈረም አይችልም ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ተንጫጫ። ጡረታ የቀረባቸው «በዚህ ዕድሜያችን!» አሉ፤ ወጣቶቹ መጽሐፍ ፍለጋ ተሯሯጡ። እህቴ ግን ቅንጣት አልደነገጠችም።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ነው የሚጠይቁኝ። ምን አዲስ ነገር አለው?» አለችኝ።

ተፈተነች። ወደቀች።

ውጤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚታይ አንዲት ቃል ነበር፦ «አላለፉም።» ስንት እንዳገኘች፣ የቱ ላይ እንደተሳሳተች የሚል ነገር የለም። በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ፈተናዎች ቢሮ ሄደች። በመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ ተቀብላ አነጋገረቻት።

«የተሳሳትኩትን ባውቅ ለሚቀጥለው እዘጋጅበት ነበር» አለቻት።

«ሚስጥር ነው።»

«የራሴ መልስ ለእኔ ሚስጥር ነው?»

«እኔ ምን ላድርግልዎት፤ ሲስተሙ ለእኛም አያሳየንም።»

ከዚያ በቀጥታ እኔ ሱቅ መጣች። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ከነቦርሳዋ ተቀመጠች። አንዱን ጥያቄ በቃሏ ይዛው ስለነበር እንደ ክስ አነበነበችልኝ። ሰው በሰፈረበት ቦታ ላይ አዲስ መንገድ ሊያልፍ ቢታሰብ ፕላነሩ በቅድሚያ ምን ያደርጋል? መረጃ ይሰበስባል፣ ነዋሪውን ያወያያል፣ ለበላይ አካል ያሳውቃል ወይስ አማራጭ መስመር ያጠናል?

«አራቱንም ነው የማደርገው!» አለች። «ጠዋት ሄጄ ነዋሪውን ሳናግር እኮ መረጃ እየሰበሰብኩ ነው። እያናገርኩ አማራጭ ይታየኛል። 'ከሁሉም የተሻለውን ይምረጡ' ይላል። ለማን የተሻለው?»

«እና የቱን መረጥሽ?»

«ማወያየቱን። ትክክል ይሁን አይሁን አሁንም አላውቅም። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።»

ከእሷ ጋር ከተፈተኑት ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዋ አለፈ። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሎጋው ይሉታል። እንግዲህ እህቴ ወራት የደከመችበት የገበያው አካባቢ ፕላን ለምክር ቤት የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ ፈራሚው እሱ ሆነ፤ አስረጂውም እሱ። መመሪያው «የሚያስረዳው የፈረመው ነው» ይላላ። እሷ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አበላሸው?» አልኳት ማታ።

«የለም። አሳምሮ አስረዳው» አለች። «ቢያበላሸው ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ይሄን ሳስብ ደግሞ ራሴን ታዘብኩት» አለች።

ሁለተኛውን ፈተና እልህ ይዟት፣ ጥርሷን ነክሳ ነው የገባችው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሸምድዳ ነበር። አሁንም ያው ቃል መጣ። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀልደኛ ነው፤ ያን ቀን ግን ወዲያው መቀለድ አልደፈረም። ምሳ አቅርቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«በቃ ተዪው፤ ደመወዝሽ አልተነካ። ይፈርሙልሽ» አላት።

«አንተ የዘረጋኸውን ሽቦ ሌላ ሰው 'እኔ ነኝ የዘረጋሁት' ብሎ ቢፈርምበት ደስ ይልሃል?»

«እሳት ከተነሳ ደስ ይለኛል» አላት።

ሳቀች። ውጤቱን ካየች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ከሳቋ በኋላ ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «ያን ነው የምልህ። እሳት ሲነሳም ተጠያቂዋ እኔ መሆን አለብኝ። ሥራዬ ነዋ» አለች። በዚያ ቤት ስለ መተው ከዚያ ወዲያ ወሬ አልተነሳም።

ያደረገችው ነገር ቀላል አልነበረም። ሎጋው ጠረጴዛ ዘንድ ሄዳ «አስጠናኝ» አለችው። ልጁ ሥራ ሲገባ ያለማመደችው እሷ ናት። ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሳ። «እኔ? አንቺን?» አላት። «አንተ አልፈሃል፤ እኔ ወድቄያለሁ። ሌላ ሂሳብ የለውም» አለችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያጠኑት እኔ ሱቅ ሆነ፤ እቤት ልጆቿ አላስቀምጥ ስላሏት። መቁረጫ ጠረጴዛዬን ግማሹን ለቀቅኩላቸው። እኔ ስፌት እየሰፋሁ እነሱ ይከራከራሉ። የሰማሁት ሁሉ አፌ ላይ እየቀረ አንዷን ደንበኛዬን «ከባለፈው ልኬትሽ ወደ ጎን መስፋፋት ታይቷል» ብያት ልትጣላኝ ነበር።

መጀመሪያ መስማማት አልቻሉም። ሎጋው አንድ ጥያቄ ያነባል፤ እህቴ ትመልሳለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

«እትዬ፣ ችግርሽ ገባኝ» አላት አንድ ቀን። «አንቺ ጥያቄውን ስታነቢ የምታውቂው ሰፈር ነው የሚታይሽ። እዚያ ቁልቁለት አለ፣ እዚያ ወንዝ አለ፣ እዚያ የሚያስቸግሩ ሽማግሌ አሉ። ጥያቄው ውስጥ ግን እነሱ የሉም። ቦታ የለውም።»

«ቦታ የሌለው ከተማ የት አለ?»

«ፈተና ውስጥ።»

እስክሪብቶዋን ወረወረችው። «እንግዲያው የማይረባ ፈተና ነው!»

«ይሁን፤ ግን አላለፍሽውም» አላት ልጁ በቀስታ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ተነስታ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እስክሪብቶዋን ከጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ፈልጋ አነሳች። «እንደገና አንብበው» አለችው። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ሲነበብላት ዓይኗን ጨፍና «ምን ተጽፏል? የተጻፈው ብቻ» እያለች ራሷን ትገራ ጀመር። ታዲያ መከራከሩን አልተወችም። መልሱን በትክክል ከመለሰች በኋላ «ግን ውሸት ነው» ትላለች። ሎጋውም «ውሸት ነው፤ ቀጥይ» ይላታል።

ሦስተኛው ፈተና ከባድ ጣጣ ነበረው። በመመሪያው ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ዓመታት ሳይጠብቅ መመለስ አይችልም። ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ተፈታኞቹ ስልካቸውን አስረክበው ገቡ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በበሩ መስተዋት በኩል ጀርባዋ ይታየኛል። ትከሻዋ ዘና ብሏል። ጥሩ እየሄደላት ነው ብዬ ገመትኩ።

ፈተናው እየተጋመሰ ድርግም አለ። መብራት ጠፋ። የአዳራሹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ጨለሙ። «ጀነሬተር አለ፣ ተረጋጉ» አሉ። ጀነሬተሩ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተቆጣጣሪው መጥቶ «ለዛሬ አብቅቷል፤ ሲስተሙ እስካሁን በሞላችሁት ያርመዋል። ያላለፈ በሚቀጥለው ዙር ይመዘገባል» አለ።

ሰዉ እያጉረመረመ ቦርሳውን ማንሳት ጀመረ። ለእህቴ ግን የሚቀጥለው ዙር ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«እሜቴ፣ አዳራሹን ልንዘጋ ነው» አላት።

«ዝጉት። እኔ ፈተና ላይ ነኝ፤ አልጨረስኩም።»

«መብራት የለም እኮ!»

«መብራቱን እኔ አላጠፋሁትም። ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ እንደተሳሳትኩ አድርጋችሁ የምታርሙ ከሆነ ኃላፊው ራሳቸው መጥተው ይንገሩኝ።»

አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በር ላይ ደርሳ ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ መነጽር ያደረጉ አዛውንት ተቀመጡ። ከዚያ ሌሎቹም። ማንም አልጮኸም። እንዲያው ክፍል ውስጥ መምህር እንደሚጠብቅ ተማሪ ቁጭ አሉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ እህቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ኃላፊው መጡ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ደክሟቸዋል። «መመሪያው ስለ መብራት መቋረጥ የሚለው ነገር የለም» አሉ።

«ካላለማ አልፈቀደም፤ አልከለከለምም» አለች እህቴ። «እርስዎ ዛሬ የሚወስኑትን ነው ሰው ነገ የሚከተለው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምንለምንዎት፤ ዛሬ እንዳልተቀመጥን ይቆጠርልንና እንደገና እንፈተን። በነጻ ማለፊያ አልጠየቅንም።»

አዛውንቱ ጣልቃ ገብተው «እኔማ ከመብራቱ በፊት የሞላሁትንም ብትሰርዙልኝ ደስታዬ ነው» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ኃላፊውም ሳቃቸው አመለጣቸው። ስልክ ሊደውሉ ወጡና ቆይተው ተመለሱ። የዕለቱ ፈተና ተሰርዞ ሁሉም በድጋሚ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እህቴ ግን ውሳኔው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሳታየው ከግቢው አልወጣችም።

ወደ ቤት ስንመለስ ለባሏ ነገርነው። «የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሚስት በመብራት ልትወድቅ!» ብሎ ራሱን ያዘ። «ጎረቤት እንዳይሰማ።»

በድጋሚው ቀን መብራቱ አልጠፋም። ውጤቱ የመጣ ለት እኔ የአንዲት ሙሽራ ልብስ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጠራ።

«አንቺ» አለችኝ።

«እታለም? ምነው?»

ዝም አለች። ስትተነፍስ ብቻ ይሰማኛል። የወደቀች መሰለኝ። «ግድ የለም፣ ግድ የለም፣ እንደገና...» ማለት ስጀምር «አለፍኩ እኮ ነው የምልሽ» አለች። ምንም አላለችም ነበር! የሙሽራዋን ልብስ ጥዬ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ መንገድ መሀል ቆምኩ። ባሏ ሲሰማ ከመሰላል ላይ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ አሉ። ሎጋው ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ያስጠናኋት እኔ ነኝ» እያለ ሲያወራ ዋለ። እሷም አላረመችውም።

የመጀመሪያውን ፕላን የፈረመችው በቀጣዩ ወር ነው። ወንዝ ማዶ ላለው ሰፈር የተሠራ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር። ፊርማዋ፣ ከሥሩ ስሟና የምስክር ወረቀቷ ቁጥር። በጣም የምትደሰት መስሎኝ ነበር። «ፈራሁ» አለችኝ። «ከመፈረሜ በፊት ቦታው ድረስ ሄጄ እንደገና አየሁት።»

ፕላኑ ሕዝብ እንዲያየው ከተለጠፈ በኋላ ምሳ ይዤላት መሥሪያ ቤቷ ሄጄ ሳለሁ አንድ ሰውዬ በሩን በርግደው ገቡ። አጥራቸው መንገዱ ውስጥ ገብቷል ተብሎ ሊነሳ ነው። ፊታቸው ደም መስሏል።

«ይሄን ነገር የፈረመችው ማናት?» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እህቴ ጉርሻዋን ዋጠችና እጇን ጠረገች።

«እኔ ነኝ አባቴ» አለች። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። «ምሳዬ ይቆየኛል። መጀመሪያ አጥርዎት የት ጋ እንደሆነ ያሳዩኝ፤ ከዚያ አብረን ሄደን እናየዋለን።»