የዋሪዮ ጉሮሮ

እኔ ዓለሚቱ ከነጌሌ ወደ ታች፣ ገናሌ ወንዝ ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ዋሪዮን ሰዉ «ፈሪ» ሲለው ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዋሪዮ ዋናተኛ ነበር። ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ወንዙ ሲሞላ ገበያተኛው የሚሻገረው በእሱ ነው። ፍየሉን እየነዳ፣ ሰዉን ባዶ ጀሪካን አስታቅፎ እየገፋ ያሻግራል። አዞው ራሱ የለመደው ይመስለኝ ነበር!

አንድ የበልግ ሙላት ጊዜ መሃል ውሃ ላይ ጉሮሮው ተዘጋ። የሚዘጋው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ነው፤ ሲጢጥ የሚል ፉጨት ያወጣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ደጋገመው። አስም ነው ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጠው፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቱ አዴ ኢቢሴ ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብለው እንጥል ቆራጭ አስመጡ።

«አዴ፣ ተዉ እንጂ! ፂም ያበቀለ ሰው እንጥል ይቆረጣል እንዴ?» ብላቸው፣

«አንቺ ሻይሽን አፍዪ» አሉኝ።

ተቆረጠ። ደም በደም ሆነ፣ ቁስሉ አመረቀዘ። ከዳነ በኋላ ጭራሽ ባሰበት፤ ገና ውሃ ሲነካው ይዘጋ ጀመር።

ሐዋሳ የወሰደው ታናሽ ወንድሙ ዱቤ ነው። ሐኪሟ በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብታ አየች። አየር ሲስብ መከፈት የነበረበት የድምፅ አውታሩ ተገጣጥሞ ይዘጋል አለች። «ፍርሃት አይደለም። ሲዘጋህ አትታገለው። ጸጥ በል፣ ጤናዳም እንደሚያሸት ሰው በአፍንጫህ ሳብ፣ ከንፈርህን አሞጥሙጠህ ቀስ ብለህ ንፋ። ውሃ ውስጥ ግን እንዳትገባ።»

ዋሪዮ በየቀኑ ከሻይ ቤቴ በር ተቀምጦ ተለማመደው፤ ይከፈትለትም ጀመር። ማሻገሩን ዱቤ ያዘ። ዱቤ ጉልበት እንጂ ብልሃት አልነበረውም፤ ይሄ ነው ዋሪዮን ዕረፍት የነሳው። ቀኑን ሙሉ ዳር ቆሞ «አትጋፋው! ጅረቱን ተከተለው!» እያለ ይጮህበታል።

ባለፈው ሙላት ዱቤ ፍየል ሲያሻግር ውሃ ያመጣው ግንድ መታው። «ዋሪዮ!» አለ። ዋሪዮ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ክንዱን ሊይዘው ትንሽ ሲቀረው ያ ፉጨት እኔ ከቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። ተዘጋ። በጀርባው ተንጋሎ ተንሳፈፈና ሐኪሟ እንዳለችው አደረገ። ምን ያድርግ? ሁለቱም ይስመጡ? ተከፈተለት። ቀና ሲል ዱቤ የለም።

ሬሳው የተገኘው ከታች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰክቶ ነው። ለቅሶው ላይ ሰዉ ያንሾካሹካል፦ «ወንድሙ እየሰመጠ እሱ ተንጋሎ ተኛ።» አፋቸው ይዘጋና! ዋሪዮ ሰማ። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ጉሮሮው ተዘጋ። ሮጬ «ሳብ፣ በአፍንጫህ!» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከንፈሩ እየጠቆረ፣ እያወቀ፣ እምቢ አለ።

አዴ ኢቢሴ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሊረግሙት መስሎኝ ነበር። በጥፊ አጮሉት። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሳብ! ጉሮሮህን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ዱቤን የበላሁት እኔ ነኝ። አንተን ደግሞ አታስበላኝ!» አሉት።

ሳበ። እሳቸውም ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው አብረውት ነፉ።