አጎቴን ያቀላች ኪኒን

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ኮልፌ። ቅቤ ነጋዴው አጎቴ ደማቸው ውስጥ ስብ በዝቷል ተብለው ኪኒን ታዘዘላቸው። ሐኪሙ «ፊትዎን ያቀላዋል፣ ያሳክክዎታል፤ አይደንግጡ» ብሏቸዋል። ለሌላው ሰው ግን አትደንግጡ ያለ የለም።

ኪኒኗን ውጠው ለእኔ ሽማግሌ ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልምና የልጅቷ አባት «ሌላ ቀን ተመለሱ» ሊሉ ሲሉ፣ የአጎቴ ፊት በርበሬ መሰለ። ላብ አጠመቃቸው፤ አንገታቸውን ይፎክቱ ጀመር። አባትየው፣ ሰውየው ተናደው እቤቴ ሊሞቱብኝ ነው ብለው ደነገጡ።

«ኧረ ሰጥቻለሁ! ብቻ ይረጋጉ!»

ከሰርጉ በኋላ እኚሁ አማቴ የኪኒኑን ነገር ሰምተው አስጠሩኝ። ልጄን መልስ ሊሉኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ገባሁ። በሩን ዘጉና ጠጋ አሉኝ።

«እሁድ ለታናሽየዋ ሽማግሌ ይመጣብኛል። አንድ ፍሬ አምጣልኝ፤ እኔም ቀልቼ ልጠብቃቸው።»