ምሳ አምጥቼልሃለሁ

ትናንት ዳንግላ ገበያ ጥግ የስፌት መኪና ሲንኳኳ ሰማሁና እግሬ ተገታ። የእትዬ መኪና መሰለኝ።

እትዬ የአባቴ እህት ነበረች። በጃንሆይ ጊዜ ሰፊ ባሏ ሲሞትባት፣ መኪናውን ይዛ እዚሁ ከወንዶቹ ሰፊዎች መሀል ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቁባት። የሰፋችው ቁምጣ አልተረተር ሲል ግን ገበሬው ሁሉ "እሷማ ወንድ ናት!" ይላት ጀመር፤ እሷም ፈገግ ትላለች።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ከገጠር መጥቼ እሷ ዘንድ ነበርኩ። ቤታችን የሚወራው አዊኛ ስለነበር አማርኛዬ ገና ነበር። ወንድ ናት ሲሏት እየሰማሁ፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ፊት፣ "እትዬ፣ ምሳ አምጥቼልሃለሁ" አልኳት።

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። እሷ መንኮራኩሩን በመዳፏ ያዘችው። አቡጀዴው ላይ እንዳቀረቀረች፣ "አንቺ እንኳ አንቺ በይኝ" አለችኝ ቀስ ብላ።

ምን አጠፋሁ? ሲሏት ትስቅ የለም እንዴ?

ትናንት አብራኝ የነበረችው ጎረቤቴ፣ በቅርቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነችውን የልጅ ልጄን አንስታ፣ "ወንድ ናት እኮ!" አለችኝ። አሜን ልል አፌን ከፈትኩ። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ፤ የእትዬ መዳፍ መንኮራኩሩን ሲይዝ ታየኝና አሜኑን ተውኩት።